ጳጉሜ ስድስት ቀን 2098

ትርንጎ ደበሽ ዕድሜዋ ሃምሳ አንድ ነው፤ ልደቷን ግን ያከበረችው አሥራ ሁለቴ ብቻ ነው። ጳጉሜ ስድስት ቀን የተወለደ ሰው ዕጣው ይኸው ነው። አራት ዓመት ይጠብቅና አንድ ቀን ይደሰታል፤ ጳጉሜ በአምስት ባለቀች ቁጥር ደግሞ ዘመድ አዝማድ «ዘንድሮም አላረጀሽም» እያለ ይስቅበታል። ትርንጎ ቀልዱን ለምዳዋለች። ይህ የልደት ነገር አንድ ቀን ምክር ቤት ያምሳል ብሎ ግን ማን ይገምታል?

ዕለቱ ዓርብ፣ ሰኔ 30 ቀን 2099 ዓ.ም. ነው፤ የበጀት ዓመቱ መዝጊያ። ትርንጎ እንደ ወትሮዋ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አዳራሽ ገባች። ከስድስት መቶው ወንበር የእሷን በመሐረቧ ጠረግ ጠረግ አድርጋ ተቀመጠች። በቀሩት አምስት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ወንበሮች ላይ ምስለኔዎቹ ተደርድረዋል። ምስለኔ የተባለው ሁሉ ፊት የምታህል መስታወትና አንዲት ቀጭን የአሉሚኒየም ክንድ አለው። መልኩ የተመራጩ ነው፣ ድምፁም የተመራጩ ነው፤ ድምፅ ሲሰጥ ክንዱ ቀጭ ብሎ ይነሣል። ተመራጮቹ ራሳቸው የት እንደሚውሉ የሚጠይቅ ከጠፋ ቆይቷል። አንዳንዶቹ እንደሞቱ ይወራል፤ ምስለኔያቸው ግን ቀርቶ አያውቅም፣ እንዲያውም ሁለቴ ተመርጧል።

ለትርንጎም ተሰጥቷት ነበር። የምክር ቤቱ ብቸኛ ተቃዋሚ ናትና ቅድሚያ ሰጥተው፣ በንግግሮቿ አሠልጥነው፣ መልኳን ሳይቀር አሳምረው አመጡላት። በሦስተኛው ሳምንት ምስለኔዋ ለመንግሥት ክንዱን ሲያነሣ አገኘችው። «ይሄ እኔን አይመስልም፤ የቀድሞ ባሌን ነው የሚመስለው» ብላ መለሰችው። ከዚያ ወዲህ በገዛ እግሯ ትመጣለች፣ በገዛ እጇ ትቃወማለች።

ገና ቦርሳዋን ሳትከፍት ስልኳ ጠራ። የእህቷ ልጅ እማዋይሽ ናት፤ ከዝንጉር ወንዝ ማዶ።

«እቴቴ፣ ጀመራችሁ?»

«ገና ነው። አንቺ እንዴት አደርሽ? ሆድሽስ?»

«ሆዴማ ከእኔ ቀድሞ ነው በር የሚገባው። ወሬ ልንገርሽ፤ ሽቦ ቆራጮቹ ዛሬም መጥተው ነበር። ‹ሪፖርቱ ዛሬ ከጸደቀ ነገ ቅርጫቱን እናወርደዋለን፤ ድልድይ እያለ በቅርጫት መሻገር ክልክል ነው› አሉን።»

«ድልድዩ የታለ አላላችኋቸውም?»

«ብለናል እንጂ። አንደኛው ዞር ብሎ ወንዙን አየና ‹እኔ ምንም አይታየኝም፤ ወረቀቱ ግን አለ ይላል› አለን። ምን ያርግ፣ እሱም እንጀራው ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዝንጉር ከሰኔ ማብቂያ ጀምሮ ይሞላል፤ እስከ መስከረም ፈረስ አያሻግርም። የማዶ ሰው ወዲህ ወዳለው ሆስፒታል የሚመጣው በሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ በገመድ በሚጎተት የብረት ቅርጫት ነው። ባለፈው ዓመት ካርታው ላይ ድልድይ ተሣለ። ከዚያ ወዲያ በራሪው አምቡላንስ «አካባቢው በመንገድ ተደራሽ ነው» ብሎ አልመጣም አለ። ቅርጫት ጎታቾቹም ተሰናበቱ። አውቶቡሱማ የባሰ ነው። ወንዙ ዳር ይቆምና «ክቡራን ተሳፋሪዎች፣ አሁን ድልድዩን በመሻገር ላይ ነን» ይላል፤ ሁለት ደቂቃ ዝም ብሎ ይቆይና «ተሻግረናል፣ መልካም ቀን» ብሎ በሩን ይከፍታል። ሰዉ ይወርድና እዚያው ወዲህ ማዶ ጭቃው ላይ ይቆማል። መጀመሪያ ሰሞን ይሳቅበት ነበር፤ አሁን ለምደውት ዕቃቸውን ተሸክመው ዝም ብለው ይወርዳሉ።

ምክር ቤቱ ያጸደቀው ሁሉ ደግሞ ለአሥር ዓመት አይከለስም። ቅርጫቱ ከወረደ አሥራ ሰባት ነፍሰ ጡሮች ክረምቱን እዚያው ተዘግተው ሊወልዱ ነው፤ አንደኛዋ እማዋይሽ።

«ዛሬውኑ ተሻግረሽ እኔ ጋ ለምን አትመጪም?» አለቻት ትርንጎ።

«ሁለት ሕፃንና አንዲት የምትታለብ ላም ይዤ? አሥራ ስድስቱስ የት ይግቡ? ያንቺ ቤት አንድ ክፍል ናት እኮ እቴቴ።»

«በርቺ ልጄ፣ ዛሬ እሞክራለሁ» ብላ ትርንጎ ስልኩን ዘጋችው። ይህቺን ልጅ ያሳደገቻት እሷ ናት። የእማዋይሽ እናት ሁለተኛውን ልጅ ስታምጥ የሞተችው ዝንጉር በሞላበት ክረምት፣ ገመዱ ተበጥሶ በነበረበት ሳምንት ነው። ትርንጎ ወደ ፖለቲካ የገባችው ያኔ ነው፤ ሌላ ፍልስፍና የላትም።

ሪፖርቱ እንደ ልማዱ ስብሰባው ሊጀመር ሩብ ሰዓት ሲቀረው ደረሰ። አርባ ሺህ ገጽ ነው። ምስለኔዎቹ በአራት ሰከንድ አንብበው በአምስተኛው ተደሰቱ። ትርንጎ መነጽሯን አደረገችና ዝንጉርን ፈለገች። አገኘችው።

«የዝንጉር ወንዝ ድልድይ፦ መቶ በመቶ ተጠናቋል። ጳጉሜ 6 ቀን 2098 ዓ.ም. በድምቀት ተመርቆ ለአገልግሎት በቅቷል። የአካባቢው ማኅበረሰብ ደስታውን በእልልታ ገልጿል።»

አንዴ አነበበችው። ደገመችው። ከዚያ ብቻዋን ከት ብላ ሳቀች።

«አምና? አምና እኮ ልደት የለኝም!»

ሌላ ሰው ቢሆን ያልፈው ነበር። እሷ ግን የጳጉሜን ነገር እንደ ስሟ ታውቀዋለች። አምና ዘመነ ማርቆስ ነበር፤ ቅዳሜ ጳጉሜ አምስት አመሸች፣ እሑድ እንቁጣጣሽ ነጋ። ስድስተኛ የሚባል ቀን አልነበረም። ቀኑን በሪፖርቱ ውስጥ ብትፈልገው ሁለት ሺህ አንድ መቶ አሥራ አራት ቦታ ላይ ብቅ አለ። መንገዱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ሁለቱ ስታዲየም፣ አንድ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሁሉም የተመረቁት ጳጉሜ ስድስት ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ይሄኛው ጉድ ግን ጭራሽ መስከረምን ገፍቶ ነው የመጣው።

አፈ ጉባኤው የተከበሩ አቶ ሙሉሸዋ ጫንያለው በጉልበታቸው እያነከሱ ገቡ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ መድረኩ ላይ የሚቀመጡ ስድስት መቶ አንደኛው አባል ናቸው። መዶሻውን የሚመታው የሰው እጅ ይሁን የሚል አንቀጽ ስላለ ከትርንጎ ሌላ በአካል የሚመጡት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መዶሻ መቱ እንጂ አንድም ቀን ድምፅ ሰጥተው አያውቁም። ከሰው ጋር አይጣሉም፣ ከሰው ጋር አይወዳጁም፤ የሚወዱት ደንብ ብቻ ነው።

«ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። በሪፖርቱ ላይ አስተያየት» አሉ።

የሦስት ሰዓቱ ክርክር ለስድስት መቶ አባል እኩል ሲካፈል ለእያንዳንዱ አሥራ ስምንት ሰከንድ ይደርሰዋል። የገዥው ፓርቲ አባላት ጊዜ ለመቆጠብ ሁሉም በአንድ ላይ አመሰገኑና ጨረሱ። አዳራሹ ለአሥራ ስምንት ሰከንድ እንደ ንብ ቀፎ ጮኸ። ከዚያ የትርንጎ ማይክ በራ። «የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ ስለተሰጠኝ ዕድል» ማለት ብቻውን ሦስት ሰከንድ እንደሚበላ ስለምታውቅ ሰላምታውን ከተወችው ቆይታለች።

«የዝንጉር ድልድይ የለም! ሄጄ አይቻለሁ፣ ያለው ወንዝ ነው። ተመረቀ የተባለው ጳጉሜ ስድስት አምና ነው፤ አምና ጳጉሜ አምስት ነበረች። በሌለ ቀን የሌለ ድልድይ መርቃችሁ የሰው ነፍስ—»

ማይኩ ጠፋ። የፕላን ሚኒስትሩ ምስለኔ ፊቱን አበራ።

«የተከበሩት ወይዘሮ ትርንጎ ላነሡት ገንቢ አስተያየት ምስጋናዬ የላቀ ነው። ጥያቄዎ ተመልሷል።»

«ሥነ ሥርዓት!» ብላ ጮኸች፤ ማይክ አላስፈለጋትም። «የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ ክቡር አፈ ጉባኤ! ሰዓት አይቆጠርበትም፣ አንቀጽ አርባ ሁለት።»

«አንቀጹን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አሉ አቶ ሙሉሸዋ፤ ቀና ብለው ተቀመጡ። «ይቀጥሉ።»

«ሚኒስትሩ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩን። ይቺ ጳጉሜ ስድስት ቅዳሜ ነበረች ወይስ እሑድ?»

ምስለኔው መለሰ። «ጳጉሜ 5 ቅዳሜ ነበር። መስከረም 1 እሑድ ነበር። ጳጉሜ 6 በመካከላቸው ነበር።»

«በመካከላቸውማ ሌሊት ነው ያለው!»

ደጅ ወለል የምትወለውለው ሴትዮ ስትስቅ ተሰማች። ምስለኔው ግን በትሕትና ቀጠለ። «ቀኑ የተመረጠው በዓመቱ ውስጥ ሌላ ምረቃ ያልተያዘበት ብቸኛ ቀን ስለነበረ ነው።»

አቶ ሙሉሸዋ መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው ጫፍ ጠረጉ። ወይ ሪፖርቱ ተሳስቷል፣ ወይ የቀን መቁጠሪያው። ትርንጎ ያዝኳቸው ብላለች። ይኼኔ የመንግሥት ተጠሪው ምስለኔ ዕድል ጠየቀ።

«ሪፖርቱ ትክክል ስለሆነ፣ የተከበረው ምክር ቤት ጳጉሜ 6 ቀን 2098 ዓ.ም. እንደነበረች አድርጎ በውሳኔ እንዲያጸድቅልን እጠይቃለሁ።»

ትርንጎ የሰማችውን አላመነችም። አፈ ጉባኤውም ያመኑ አይመስሉም፤ ደንባቸውን ገለጥ ገለጥ አድርገው ፈለጉ። የሚከለክል አንቀጽ አጡ። ምክር ቤት ቀን እንዳይፈጥር የሚል ማን ይጽፋል?

«ድጋፍ?»

ቀጭ። አምስት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ክንድ ተነሣ።

«ተቃውሞ?» ትርንጎ እጇን አወጣች። «አንድ። ድምፀ ተአቅቦ? የለም። በአምስት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ጳጉሜ ስድስት ቀን 2098 ዓ.ም. …» ደንቡን አንዴ ደግመው አዩ። «… ነበረች።» መዶሻው ተመታ።

በሀገሪቱ ላይ አንድ ቀን ተጨመረ። ደቂቃም አልፈጀ፤ በዚያ ቀን የተወለዱ አራት ሺህ ሕፃናት፣ በዚያ ቀን የተጋቡ ሦስት መቶ ጥንዶች ተመዘገቡ፤ የዕለቱ የአየር ጠባይ ሳይቀር «ከፊል ደመናማ» ተብሎ ወጣ። ትርንጎ ስልክ ላይም መልእክት ገባ፦ «የተከበሩ ወይዘሮ ትርንጎ፣ እንኳን ለሃምሳ አንደኛ ዓመት ልደትዎ አደረስዎ። ስለዘገየን ይቅርታ።»

አላሳቃትም። ወንበሯ ላይ ዝርግት አለች። ውሸታሙን እጅ ከፍንጅ ስትይዘው እውነቱን አዲስ አሠርቶ ሲመጣ ምን ይባላል? እማዋይሽን ምን ልትላት ነው? «ቀኗም አለች ተብሏል ልጄ፣ አንቺ ብቻ ነሽ የሌለሽው» ልትላት ነው? ዕንባዋ መጣና መልእክቱን ልታጠፋው ጣቷን ዘረጋች። ያኔ ነው የስልኩን ጥግ ያየችው።

«ዓርብ፣ ሰኔ 29» ይላል።

ትርንጎ ጣቷን እንደዘረጋች ቀረች። እሑድ ጳጉሜ ስድስት ከሆነች መስከረም አንድ ሰኞ ገባ ማለት ነው። መስከረም አንድ ቀን ከዘገየ ደግሞ ጥቅምትም፣ ሰኔም፣ ሁሉም ዘገየ። ዛሬ የመጨረሻው ቀን አይደለም፤ ዋዜማው ነው።

ከቦርሳዋ ውስጥ ከቆሎው ሥር ያቺን ጠርዟ የተበላ የደንብ መጽሐፍ ጎትታ አወጣች። አንቀጽ ስልሳ ሰባት። ከማንበብ ብዛት በቃሏ ታውቀዋለች፤ የማይሠራ አንቀጽ ስለነበረ ግን ወዲያ ትታው ነበር። «ማንኛውም አባል የበጀት ዓመቱ ከሚዘጋበት ዕለት አንድ ቀን አስቀድሞ ከጠየቀ፣ ሪፖርቱ ከመጽደቁ በፊት የመስክ ምልከታ ይደረጋል። ምልከታው በአካል ነው። በቦታው ላይ ድምፅ የሚሰጡት በአካል የተገኙ አባላት ብቻ ናቸው፤ ውሳኔያቸውም የመጨረሻ ነው።» ሪፖርት ሁልጊዜ የሚመጣው በመዝጊያው ዕለት ጠዋት ስለሆነ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንም አንድ ቀን አስቀድሞ መጠየቅ አልቻለም።

«እንግዲህ በሪፖርቱ ላይ ድምፅ ወደ መስጠት—» አፈ ጉባኤው መዶሻውን አነሡ።

«ሥነ ሥርዓት!»

«አሁን ደግሞ ምንድን ነው ወይዘሮ ትርንጎ?»

«ዛሬ ስንት ነው ክቡር አፈ ጉባኤ?»

«ሰኔ ሠላ…» ብለው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብለው አዩ። ሰዓቱም እንደ ስልኩ ቀኑን እንዲያስተካክል ታዟል። ረጅም ጊዜ አዩት። «… ሰኔ ሃያ ዘጠኝ» አሉ ቀስ ብለው።

«በአንቀጽ ስልሳ ሰባት መሠረት የዝንጉር ድልድይ የመስክ ምልከታ እንዲደረግ እጠይቃለሁ። በአካል።»

ቀጥሎ የመንግሥት ተጠሪው ምስለኔ ድምፁ ሳይለወጥ ተናገረ። «የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ ቀደም ሲል የጸደቀችው ቀን እንድትሰረዝ እጠይቃለሁ።»

አቶ ሙሉሸዋ ፈገግ አሉ። ትርንጎ በሁለት የምርጫ ዘመን ሲስቁ ያየቻቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «የጸደቀ አይከለስም» አሉ። «ለአሥር ዓመት።»

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ ብቻቸውን አውቶቡሱ ላይ ተቀመጡ። አፈ ጉባኤው ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ መዶሻውን በላስቲክ ጠቅልለው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል። ትርንጎ ከቆሎው ዘገነችላቸው። ጥርሳቸውን እንደሚያማቸው ነግረዋት ተቀበሏት፤ መንገዱን ሁሉ አንድ አንድ ፍሬ እያሉ ጨረሱት።

ዝንጉር ሞልቷል። ሌሊቱን ደጋው ላይ ጥሎ ነበር፤ ውሃው ግንድ ይዞ ይገማሸራል። አውቶቡሱ ዳሩ ላይ ቆመ።

«ክቡራን ተሳፋሪዎች፣ አሁን ድልድዩን በመሻገር ላይ ነን።»

አቶ ሙሉሸዋ በመስኮቱ አዩ። ወደ ትርንጎ ዞሩ። ሁለቱን ደቂቃ በሙሉ ውሃውን ሲያዩ ቆዩ። «ተሻግረናል፣ መልካም ቀን» ተባለ፤ ወረዱና ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ውስጥ ገባ። ሁለቱ ሽቦ ቆራጮች መቁረጫቸውን ምሰሶው ሥር አስደግፈው ቆመዋል። ውሳኔ እስኪሰሙ ነው የሚጠብቁት።

የአፈ ጉባኤው ስልክ ጮኸ። የፕላን ሚኒስትሩ ምስለኔ ነው። «የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ እንኳን ደስ አለዎ። ካርታው እንደሚያሳየኝ በአሁኑ ሰዓት ድልድዩ ላይ ነዎት።»

«ልጄ፣ እኔ ያለሁት ጭቃ ላይ ነው» አሉትና ዘጉት።

ማዶ ሴቶች ተሰብስበው ይጮኻሉ። ድምፃቸውን ውሃው ዋጠው። ትርንጎ እጇን ዓይኗ ላይ ጋርዳ ተመለከተች፤ ቅርጫቷ ከወዲያ ተነሥታለች፤ ውስጧ አንድ ሰው አለ። እማዋይሽ ናት። ገመዱን ራሷ እየሳበች ትመጣለች፤ ሳብ ታደርግና ጎንበስ ትላለች፣ ሳብ ታደርግና ጎንበስ ትላለች።

«ምጥ ይዟታል» አለች ትርንጎ። «ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ቶሎ ይበሉ!»

«ስብሰባው ተጀምሯል!» አሉ አቶ ሙሉሸዋ፤ ለወንዙ የሚናገሩ ይመስላሉ። «የዝንጉር ድልድይ ተሠርቷል የሚለውን የምትደግፉ?»

የሚደግፍ የለም።

«የምትቃወሙ?»

ቅርጫቷ መሃል ወንዝ ላይ ቆመች። እማዋይሽ ገመዱን ለቅቃ ሆዷን ይዛለች። ትርንጎ ወደ ምሰሶው ሮጠች፤ በግራ እጇ ገመዱን ይዛ ቀኝ እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። «እኔ እቃወማለሁ!» እያለች በአንድ እጇ ትጎትታለች።

«አንድ» አሉ አፈ ጉባኤው። መዶሻውን ወደ ግራቸው አዛወሩት። አፈ ጉባኤ ድምፅ አይሰጥም የሚል አንቀጽ የለም፤ ልማድ ብቻ ነው፤ ይህን ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ቀኝ እጃቸውን አነሡ። ሠላሳ ዓመት ለድምፅ ተነሥቶ የማያውቅ እጅ ነው። «ሁለት። በሙሉ ድምፅ … ውድቅ ሆኗል!» ዓይናቸው ዕንባ አቅርሯል። እጃቸውን ማውረድ ረስተው እንደዘረጉ ቆሙ።

«ጋሼ!» አለች እማዋይሽ ከመሃል ወንዝ፣ በሙሉ ድምፅዋ። «እጅዎን አውርደው ገመዱን ይጎትቱልኛ!»

አቶ ሙሉሸዋ መዶሻውን ለሽቦ ቆራጩ አስያዙትና በሁለት እጃቸው ገመዱን ያዙ።